መርፌው ከመጋረጃ ጀርባ ይውጣ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት፣
እንዲሁም በሰባተኛና በዙሪያዋ ለምትነቅሱና ለምትነቀሱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ንቅሳት የሚያስከትለውን ጠባሳና የቀለም ብልሽት ስለ መከላከልና ስለ ማከም



ሰባተኛ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም ከመርካቶ ሳልርቅ በነርስነት የማገለግል ሴት ነኝ። የዕለት ሥራዬ ቁስል ማጠብና ፋሻ መቀየር ነው። ምን አለሽ ተራ ላሜራ የቆረጠው ልጅ ይመጣል፤ ጭነት የወደቀበት ወዛደር ይመጣል፤ ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት የተረጨባት እናት ትመጣለች። ከእነሱ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ፣ ንቅሳት ያቆሰላቸው ሰዎችም አሉ። ክንዱ ላይ ያስጻፈው ስም አብጦ የሚያሳክከው ወጣት፤ ቅንድቧ ላይ የተሞላው ቀለም ከመስመሩ የሸሸባት ሴት፤ ለሠርጓ እጇን በጥቁር ሂና አስጊጣ ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረባት ሙሽራ፤ የግንባሯን መስቀል በባትሪ አሲድ ልታጠፋ ሞክራ ቆዳዋ የተላጠ ልጅ።

የምለምናችሁ ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። ልመናዬ ንቅሳት ይታገድ የሚል አይደለም። የዚህ ጉዳት ትልቁ ምንጭ ሥራው ተደብቆ መሠራቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ማን እንደ ነቀሰ፣ ቀለሙ ከየት እንደ መጣ፣ መርፌው ቀድሞ የማንን ገላ እንደ ወጋ የሚጠይቅ የለም። ብታግዱት ይብሱን ይደበቃል። ብትመዘግቡት፣ ሠሪዎቹን ብታሠለጥኑና ቀለሙን ብትቆጣጠሩ ግን እኔ ፋሻ ከማስርላቸው ቁስሎች አብዛኞቹ አይፈጠሩም።

ንቅሳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አውቶቡስ ተራ ቆሞ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከትግራይ የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ዙሪያ በመደዳ የተነቀሰ መስመር፣ ጠቁሮ የሚያምር ድድ። ቀለሙ ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ የተጠረገ ጥላሸት ነበር፤ መሣሪያው እሾህ ወይም አንድ ላይ የታሰረ መርፌ። ድድ የሚነቀሰውም ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ድድ እንዳይደማ፣ ጥርስም እንዲጠነክር ይረዳል ተብሎ ይታመን ነበር። የተነቀሱ እናቶቻችንን ውበት የሚያናንቅ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን በአንድ መርፌ ብዙ ልጃገረዶች ተራ በተራ ሲነቀሱ የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ ይሻገር እንደነበርም መደበቅ አይገባንም። ዛሬ መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ቀለሙም በጠርሙስ ይመጣል። በሰፈራችን በማውቃቸው ብዙ ቦታዎች ግን ጥንቃቄው ከያኔው ፈቀቅ አላለም። ሥራው የሚሠራው በፀጉር ቤት ጓዳ፣ መጋረጃ በተጣለበት ጥግ ወይም በጓደኛ ቤት አልጋ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ቀለም ብልሽት ልንገራችሁ፤ ወጣቶቹ አብዝተው የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። «ሲስተር፣ መስመሩ ለምን እንዲህ ሰፋ?» ይሉኛል። ቆዳችን ንብርብር አለው። የላይኛው ንብርብር በወር ገደማ እየረገፈ ራሱን ይተካል፤ ቀለም እዚያ ብቻ ከቀረ ከሚረግፈው ቆዳ ጋር ይሄዳል፤ ንቅሳቱም ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣል። ቀለም መቀመጥ ያለበት ከሥሩ ባለው ንብርብር ነው፤ ከላይ ሲለካ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ። እዚያ የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ባዕድ ነገር ገባ ብለው ቀለሙን ይውጡታል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የያዘው ሴል ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አጠገቡ ያለው አዲስ ሴል መልሶ ይውጠዋል፤ ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረውም በዚህ ቅብብል ነው። መርፌው ከዚህ ንብርብር አልፎ ስቡ ውስጥ ከገባ ግን ቀለሙን የሚይዝለት የለም፤ ሶፍት ላይ እንደ ተንጠባጠበ የእስክሪብቶ ቀለም ይሰራጫል። በመስመሩ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ በብዛት የሚደርሰው ቆዳ በሚሳሳበት ቦታ ነው፤ በእጅ አንጓ፣ በክንድ ውስጠኛው በኩል፣ በቁርጭምጭሚት፣ በጣት፣ በጎድን ላይ። ነቃሹ ቆዳውን ሳይወጥር ሲቀር፣ መርፌውን አጋድሞ ሲወጋ ወይም ቀለም አልያዘም ብሎ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ ይብሳል። አንዴ የተሰራጨ ቀለም በቅባትም በማሸትም አይሰበሰብም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው መበለዝና እብጠት ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ለመፍረድ ቁስሉ እስኪድን መታገሥ ያስፈልጋል። ቀለሙ ተቆራርጦ ከቀረ የሚታረመውም ቆዳው ሙሉ በሙሉ ካገገመ በኋላ ነው፤ ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠበቅ እላለሁ። ቅርፊቱ ሳይወድቅ ተመልሶ የሚወጋ ቆዳ ጠባሳ ነው የሚያተርፈው።

ስለ ጠባሳው ደግሞ በተለይ ለእኛ ለጥቁሮች መነገር ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላም ቆዳው መሥራቱን አያቆምም፤ ጠባሳው ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ያሳክካል፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ወደ ደኅናው ቆዳ ይዘልቃል። ይህ ኬሎይድ ይባላል። ከቁስሉ ድንበር ሳያልፍ የሚያብጥ ሌላ ጠባሳም አለ፤ እሱ ከወራት በኋላ ራሱ ሊረግብ ይችላል። ኬሎይድ ግን ራሱን አይመልስም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከነጮቹ ይልቅ አብዝቶ ይታያል፤ በብዛት የሚጀምረውም በወጣትነት ነው፤ ደረት፣ ትከሻ፣ የላይኛው ጀርባና የጆሮ ልም ይወደዋል። አያችሁ፤ የዕድሜውም የቦታውም ምርጫ ከንቅሳት ጋር ይገጥማል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ነቃሹ ሁለት ነገር ይጠይቅ፣ ሁለት ነገር ይይ፦ ከቤተሰብህ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው አለ? አንተስ ተቆርጠህ ወይም ተቃጥለህ ያበጠብህ ጊዜ አለ? ከዚያ የጆሮ ቀዳዳውን ይይ፤ በሕፃንነቱ ክንዱ ላይ የተወጋውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ ይይ። ከእነዚህ በአንዱ እብጠት ከተገኘ ያንን ሰው አይንቀስ። ገንዘቡን መልሶ ይሸኘው። ይህ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ባለመደረጉ ግን ወጣቶች ለዓመታት የሚያሳክክ እብጠት ተሸክመው ሲኖሩ አያለሁ።

ኬሎይድ የያዘው ሰው ተስፋ የለውም ማለቴ አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከመጣ፣ ሐኪም ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት እብጠቱ ውስጥ በየወሩ ገደማ እየወጋ ሊያረግበው ይችላል፤ ለጀማሪው ጠባሳ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለወራት የሚለጠፍ ሲሊኮን አለ፤ በቅዝቃዜ ማከምም አለ። ብቻውን በቢላ ማስቆረጥ ግን ወጥመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ ከቀድሞውም ሊተልቅ ይችላል። ባበጠው ጠባሳ ላይ ሌላ ንቅሳት ደርቦ መሸፈንም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። እናንተን ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው። በሰፈራችን የሚሠራበት ቀለም ብዙ ጊዜ አምራቹ አይታወቅም፤ የተመረተበት ቀን የለው፣ መለያ ቁጥር የለው። ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ብልቃጥ ሲገለበጥና በቧንቧ ውኃ ሲቀጠን አይቻለሁ፤ ከአንዱ ሰው የተረፈውም ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ይባስ ብሎ በማኅተም ቀለምና በእስክሪብቶ ቀለም የተነቀሱ ልጆችም አክሜያለሁ። የሚጠጣ ውኃ ሁሉ ቆዳ ሥር ሊገባ የሚችል ውኃ አይደለም፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆኑ ተሕዋስያን ይኖራሉ። በሆድ ብዙም አይጎዱም፤ ቆዳ ሥር ሲገቡ ግን ለወራት የማይድን እባጭ ያወጣሉ።

በዚህ ረገድ የሮቼስተር ነገር ሊያስተምረን ይገባል። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 19 ሰዎች በተነቀሱበት ቦታ ላይ የማይለቅ ሽፍታ ወጣባቸው። ሁሉም የተነቀሱት በአንድ ሠሪ፣ በአንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ነበር። መንሥኤው ማይኮባክቴሪየም ኬሎኔ የተባለ ተሕዋስ ሆኖ ተገኘ፤ ተሕዋሱም ከፋብሪካው ተቀላቅሎ በመጣው፣ ገና ባልተከፈተ የቀለም ጠርሙስ ውስጥ ጭምር ተገኘ። ጥንቁቁ ሠሪ እንኳ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ ያንን ማየት የመንግሥት ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 4 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን በንቅሳት ቀለም ውስጥ የከለከለው ወይም የገደበው ዜጋው ራሱ ሊመረምር እንደማይችል ስላወቀ ነው። እኛም ሕግ አጥተን አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን ለቁጥጥር ሰጥቷችኋል። ከንፈር ላይ የሚቀባ ቀለም ቁጥጥር ካስፈለገው፣ ቆዳ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ የሚቀመጠው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ስለ መርፌ ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነገር ነው። ግን አንድ ነገር እንድታስቡ እፈልጋለሁ። የጉበት ቫይረስ «ቢ» ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። አገራችን ለሕፃናት ይህን ክትባት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ለመነቀስ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ያላገኙት ናቸው። መርፌን በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት መለብለብ አያመክነውም። ዕቃ የሚመክነው በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎትና በግፊት፣ በ121 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ መርፌ ደግሞ አንዴ ከወጋ ወደ ሴፍቲ ቦክስ እንጂ ወደ ሌላ ሰው መሄድ የለበትም።

የግንባር መስቀሏን በአሲድ ስላቃጠለችው ልጅ መናገር ይከብደኛል፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ስለ እሷ ነው። እሷን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ከገጠር መጥታ ሰባተኛ ወይም ጎጃም በረንዳ ዘመድ ቤት ታርፋለች፤ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታ ትጠብቃለች። ደላላው ወይም ቀድማት የሄደች ጓደኛዋ «ግንባርሽ ላይ ያለው መስቀል ካልጠፋ ቀጣሪ አይወስድሽም» ይላታል። ልጅነቷ ላይ እናቷ በፍቅር ያስነቀሰቻት መስቀል የእንጀራዋ መሰናክል ይሆንባታል። ገንዘብ የላትም፤ ጊዜም የላትም፤ የሚመክራትም ሰው የላትም። የባትሪ አሲድ፣ በረኪና፣ በጨው መፈግፈግ፣ ምላጭ፣ የጋለ ብረት፤ ሰው የነገራትን ሁሉ ትሞክራለች። አሲዱ ቀለም መርጦ አይበላም፤ ቆዳውን ይበላል። ከወራት በኋላ ጥቁሩ መስቀል በነበረበት ቦታ ያበጠ ጠባሳ ይቀራል፤ አንዳንዴም ከጠባሳው ሥር መስቀሉ ራሱ እንደ ነበረ አለ። «ሲስተር፣ ይሄስ ይጠፋል?» ስትለኝ ጠባሳው ሊረግብ እንደሚችል እነግራታለሁ፤ እንደ ነበረ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሻትም።

በዚህ አጋጣሚ ይህን የምታነቡ ሁሉ ያዙልኝ፦ አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዛት በሚፈስ ንጹህ ውኃ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ሩጡ። ቅቤ፣ ጥርስ ሳሙና፣ ቡና አትቀቡ።

ንቅሳት ግን በደኅና መንገድ ሊጠፋ ይችላል። ለዚሁ የተሠራ ሌዘር የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል በሚያህል ጊዜ ብርሃን እየላከ ቀለሙን ያደቅቀዋል፤ የደቀቀውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያስወጣዋል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ነው፤ የቆዳችንን የራሱን ቀለም ብዙ ሳይነካ ወደ ጥልቁ ያልፋልና። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እያረፉ ደጋግሞ መመለስን ይጠይቃል። ጥላሸት ጥቁር ስለሆነ ለዚህ ሌዘር ከሁሉ ይልቅ ይታዘዛል። ይህ የእኔ ግምት አይደለም፤ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ግንባራቸው ላይ የነበረውን ንቅሳት ለማጥፋት ወደ ሐኪም ሄደው ነበር፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የሐኪሞቹ ጽሑፍ የአብዛኞቹ ንቅሳት በጥቂት ዙር እንደ ለቀቀ ይናገራል። የእኛው እናቶች፣ የእኛው ቆዳ፣ የእኛው ጥላሸት ነው። እዚያ የተቻለ ነገር እዚህም መቻል አለበት።

ነገር ግን ሌዘር የተባለ ሁሉ ሌዘር አይደለም። ፀጉር ለማጥፋት የሚውለውን የብርሃን መሣሪያ ለንቅሳት የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱ ቆዳን ያቃጥላል፣ ለምጽ የሚመስል ነጭ ቦታም ሊተው ይችላል። ለቅንድብና ለከንፈር የሚውሉ ቡናማ፣ ቀይና የገላ ቀለም ያላቸው ንቅሳቶች ደግሞ ሌዘር ሲያርፍባቸው በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁርነት ሊለወጡ ይችላሉ፤ በውስጣቸው ያለው የብረት ወይም የታይታኒየም ውሕድ በሙቀቱ ስለሚቀየር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ሳይሞክር ፊት ላይ የሚተኩስ ሰው ሊፈቀድለት አይገባም።

ከተነቀሱ በኋላ ስለሚደረገው እንክብካቤ ባጭሩ፦ በታጠበ እጅ፣ በሳሙናና በንጹህ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ፤ ስስ ቫዝሊን መቀባት፤ ቅርፊቱን አለመፋቅ፤ እስኪድን ከፀሐይ መሸፈን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ቆዳን ታጠቁራለች፤ አዲስ ቁስል ላይ ስታርፍ ጠቁሮ መቅረትን ታመጣለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ወይም ከመርካቶ መደብር የሚገዙ ፊት የሚያቀሉ ቅባቶችን ቁስሉ ላይ የሚቀቡ አሉ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ያመረቀዘውንም ይደብቃሉ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በውጭ አገር ሰዎች መማሪያ ላይ «ቁስሉ ከቀላ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ አይታይም። እኛ የምንጠብቀው ሙቀቱን፣ እየሰፋ የሚሄደውን እብጠት፣ በመቀነስ ፈንታ የሚጨምረውን ሕመም፣ መግሉንና ትኩሳቱን ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ቀለሙ ላይ ብቻ ብቅ የሚሉ ጠንካራ እባጮችም ዝም የሚባሉ አይደሉም።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። ነቃሾችን በፀጉር ቤት ፈቃድ ሥር ሳይሆን በራሳቸው ስም መዝግቧቸው። ለመመዝገብ የሚመጣውን በመጀመሪያው ዓመት አትቅጡት፤ ቅጣት ከቀደመ ማንም አይመጣም። የምትጠይቁትም ሰባተኛ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ልታሟላው የምትችለውን ይሁን፦ የሚፈስ ውኃ፣ የሚታጠብ ጠረጴዛ፣ ደንበኛው ፊት የሚከፈት የታሸገ መርፌ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተቀድቶ የተረፈው የሚደፋ ቀለም፣ ሴፍቲ ቦክስ። የሞላውን ሴፍቲ ቦክስ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ከራሱ ቆሻሻ ጋር ይረከብላቸው፤ ይህ ካልተደረገ መርፌው የሚጣለው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ በባዶ እጃቸው ቆርቆሮና ፕላስቲክ የሚለቅሙ ልጆች አሉ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው አይነቀስ። ሥልጠናው ረጅም መሆን የለበትም፤ ስለ ጥልቀት፣ ስለ ኬሎይድ፣ ስለ መርፌና ስለ ቀለም የጥቂት ቀናት ትምህርት ብዙ ይለውጣል። አስተማሪ ከጎደለ እኔ በዕረፍት ቀኔ አስተምራለሁ፤ እንደ እኔ የሚመጡ ባልደረቦችም አሉኝ።

ቀለሙን ከመደብሩ ጀምሩት። አምራቹ፣ መለያ ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያልተጻፈበት የንቅሳት ቀለም አይሸጥ። ለሌዘሩና ለጠባሳ ሕክምናው ደግሞ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩልን። አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ሰው በቆዳው ምክንያት ከሰው የተገለለበትን ሕመም፣ የሥጋ ደዌን፣ ለማከም ነበር፤ የቆዳ ሕክምና ዕውቀት በዚህች ከተማ አለ ማለት ነው። ያ ዕውቀት ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ፤ ንቅሳት ማጥፋትም የግንባር መስቀሏን ለማስጠፋት ለመጣች ድሃ ልጅ በሚደርስ ዋጋ ይሁን። አሲዱን የሚያስቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

እናንተ ነቃሾች፤ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ብዙዎቻችሁን በዓይን አውቃችኋለሁ። ሠዓሊ እጅ ያላችሁ አሉ፤ በዚህ ሥራ ቤተሰብ የምታስተዳድሩም አሉ። ጠላታችሁ አይደለሁም። የጠጣን ሰው አትንቀሱ፤ ደሙ ቀለሙን ይገፋል፣ እሱም ነገ ይጸጸታል። ጠባሳው የሚያብጥን ሰው እንቢ በሉ። እጃችሁ ገና ልምድ ሳያገኝ በሰው አንጓና አንገት ላይ አትለማመዱ፤ በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ተለማመዱ። ደንበኛችሁ ቁስሉ ሲያመረቅዝበት አብራችሁት ወደ ሕክምና ኑ፤ የተጠቀማችሁበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ። ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ማንም አይቆጣችሁም።

በመጨረሻ፣ ሳይዘገይ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ስለ ጥቁር ሂና ነው። እውነተኛ ሂና ከቅጠል የሚገኝ፣ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ የሚወጣና ለመያዝ ሰዓታት የሚፈልግ ነው። በአጭር ጊዜ ድቅድቅ አድርጎ የሚያጠቁረው «ጥቁር ሂና» ግን የፀጉር ቀለም የተደባለቀበት ነው፤ በውስጡ ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል ቆዳ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ፣ የአበባውን ቅርጽ የያዘ ጠባሳም ሊተው ይችላል። አንዴ ያስቆጣው ሰው ከዚያ በኋላ ፀጉሩን እንኳ ቀለም መቀባት ሊያቅተው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድበውታል፤ ለገላ ግን ፈጽሞ አልፈቀዱትም። በእኛ ሰፈር ለሠርግና ለዒድ የትንንሽ ሴት ልጆች እጅ ላይ ሳይቀር ይቀባል። የሚሸጡትን ሱቆች ለማግኘት ጥናት አያስፈልግም፤ መርካቶ ውስጥ ግማሽ ቀን መዞር ይበቃል። የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት ተቆጣጣሪዎቻችሁን ላኩ፤ በየሱቁና በየውበት ሳሎኑ በር ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛና በጉራጊኛ አሳትሙ። የሚለጥፍ ሰው ካነሳችሁ እኔ ከሰባተኛ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለውን እይዛለሁ።


ከሰባተኛ፣ አንዲት ነርስ